ጉድጓድ ቁጥር አሥራ አራት

ደብዳቤው ሐሙስ መጣ፣ ሁለት ገጽ ታጥፎ፣
ማኅተሙ ደህና ነው፣ አንጀቱ ግን ነጥፎ።
«እናመሰግናለን» ይላል መግቢያው ላይ፤
ምስጋና ሲረዝም፣ ደግ ነገር አለው ወይ?
ከምስጋናው በታች፣ ሆሄው እየደቀቀ፣
«የምርምሩ ገንዘብ ኅዳር ላይ አለቀ።»

ዶክተር ኖጋ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
ከዚያ ምንም ሳትናገር የጣሪያውን ደረጃ ወጣች።
እኔም ተከተልኳት።
በቤርሳቤህ ጣሪያ፣ ከዩኒቨርሲቲው አናት፣
አቧራ የሚቆጥር አንድ ሣጥን አላት፤
አየር ይምጋል፣ ይተፋል፣ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፣
የሰሃራን ዱቄት በነጭ ወረቀት ያትማል።
ይሄ ቡናማው ክብ፣ የማክሰኞ ሰማይ ነው፤
ያ ግራጫው ደግሞ፣ ፋብሪካው ያስነጠሰው።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ክብ በክብ ላይ ተደርድሮ፣
በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል የሰማይ ኑሮ።

ኮሚቴው ብልህ ነው። ኢየሩሳሌም ተቀምጦ
እንዲህ ሲል ጠየቀን፣ ብስኩቱን ቆርጦ፦
«የባሕሩን ጨው ነጥቀን፣ በቧንቧ እያስገባን፣
ጉድጓድ ለጉድጓድ መዞር ምን ሊጠቅም፣ ምን ሊረባን?
ደመናውስ ቢሆን፣ ስለለካችሁት ዘነበ?»
ሳቅ አዳራሹን ሞላ፤ አንዱማ አጨበጨበ።
አሥር ደቂቃ ነበረን፤ ስድስቱን ኮምፒውተሩ በላ፣
ኖጋ አፏን ስትከፍት፣ «ይበቃል» ተባለ ኋላ።

ለእኔ ተራ አልደረሰም። ቴክኒሺያን ምን ይላል?
ቢደርሰው ግን እንዲህ ይል ነበር ይሆናል፦

ጌቶች፣ የባሕሩ ውሃ የመብራት ልጅ ነው፤
እናቱ የታመመች ዕለት፣ ማን ነው የሚያመጣው?
ከዓረባ በታች ግን፣ ከአሸዋ ድንጋይ ሥር፣
ያረጀ ውሃ አለ፣ ሳይናገር የሚኖር፤
ዝናብ ሆኖ ሲወርድ ገና እርሻ አልነበረም፣
ዛሬ የምንቀዳውን የሚተካ ደመና የለም።
እሱን መጠጣት ማለት ርስት መሸጥ ማለት ነው።
የሚሸጥም ቢሆን ሰው ጥማዱን ይቆጥራል፤
ስንት እንደ ቀረው ሳያውቅ ማን ርስት ይሸጣል?

ኢታማር ሄደ።
ተማሪያችን ነበር፤ ጤዛን በየጠብታው የሚያውቅ።
ቴል አቪቭ ገባ፤ አሁን የሚለካው
የሰው ጣት ማስታወቂያ ላይ ስንቴ እንደሚወድቅ።
አይፈረድበትም። የቤት ኪራይ ጤዛ አይቀበልም።

ኅዳር አለቀ። መኪናውን አስረከብኩ፣ ሣጥኑም ወረደ።
ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ እግሬ ራሱ ሄደ፤
በራሴ መኪና፣ በራሴ ቤንዚን፣ ከዲሞና አልፎ ቁልቁል፣
ባለቤቴ «ወዴት?» ስትል፣ «ጎማውን ላስነፋ» ብዬ በመዋሸል፣
የክዳኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ቀርታለች።
ቢጠይቁኝ፣ «ተረስታ ነው» እላለሁ፤ ተረስታለች።

ሱለይም ከአጥሩ ጎን ቆሞ ጠበቀኝ።
ሰፈሩ ካርታ ላይ የለም፤ ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው።
«ታማሚው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ሜትሩን ለቀቅኩት፤
ሠላሳ፣
ሥልሳ፣
ሰማንያ አምስት፣
ዝም።
ሰማንያ ሰባት ላይ፣ ጥቂት አለፍ ሲል፣ ጢጥ አለ።
«ወረደ» አልኩት። «ምን ያህል?» «ከአምናው በአንድ ክንድ።»
ክንዱን ዘረጋ፤ ከጣቱ እስከ ክርኑ
ውሃው የሄደበትን መንገድ ሲያይ ዋለ።

ደብተሬን አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፤
«የበጀት ቁጥር» የሚለውን ሣጥን ባዶ ተውኩ።
ጌቶች፣ አልቀናነስኩም፤ ይኸው የውሃው ልኩ፤
ጉድጓዱ ራሱ ነው የሚላችሁ፦ ልኩ።

ሱለይም ከቦቴው ውሃ በጣሳ አፈሰሰልኝ፣
የጭቃ እጄን እንድታጠብ፤ «በቃ፣ ትንሽ ይበቃል» አልኩት።
ስመለስ ከምዕራብ በኩል ቡናማ ነገር ተነሣ፣
መብራት አብርቼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ በዝግታ ነዳሁት።
ቤርሳቤህ ስደርስ ጣሪያው ላይ ቀና ብዬ አየሁ።
ሣጥኑ የለም።
አቧራው በላዩ ላይ፣ በሙሉ ስፋቱ፣
ሳይቆጠር አለፈ።